የንፋሴ ሰባት ቤት

የተለየ ማስታወቂያ! ማርሹ ይሰማ። ወጥ ጥደሽ እንደሆነ አውርጅ፣ ተኝተሽ እንደሆነ ተነሽ። በመተማ ዮሐንስ ከተማ፣ በታችኛው ሰፈር፣ በአቶ ማተቤ ገሰሰ ግቢ ነዋሪ የሆነችው ወይዘሪት ንፋሴ፣ ለትዳር መድረሷ በሽማግሌዎች ተመርምሮ፣ የወሰኑን ወንዝ ኾሩን ተሻግራ ጋላባት ላይ መዳሯን ለሰፊው ሕዝብ ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል። ሙሽራው ባለ አራት እግር፣ ባለ አንድ ጅራት፣ ጠላ የማይቀምስ ጨዋ ነው። ማስታወቂያው እዚህ ላይ አበቃ። ማርሹም ይብቃ፣ ጆሮ በጠሰ።

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለመስከረም። ሰላምታን ከማስታወቂያ በኋላ ማስከተሌ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን አንችን አውቅሻለሁ፤ የንፋሴን ወሬ ሳትሰሚ ስለ እኔ ጤና ብጽፍልሽ ዘለሽ ታልፊኝ ነበር። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ክረምቱ ወጥቶ፣ ማሽላው ተቆርጦ፣ ሰሊጡ ተራግፎ እስከዚህ ድረስ እንዴት ሰነበትሽ? ራስሽ እንዴት ነው? ያ አቧራ ባየ ቁጥር የሚያስነጥስሽ አፍንጫሽ እንዴት ነው? እዚያ የከብት ሕክምና በምትማሪበት ቡልጋሪያ አቧራው ነጭ ነው፣ ከሰማይ ይወርዳል፣ ሲይዙት ውኃ ይሆናል ብለሽ የጻፍሽውን ለጎረቤት ሁሉ አንብቤላቸው ውሸታም ተባልሁ። ስለ አንች የተሰደብሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ስላልሆነ ችዬዋለሁ። ሲበርድሽ ምን ትለብሻለሽ? ሲርብሽ ምን ትበያለሽ? ሲናፍቅሽስ? የመጨረሻዋን አትመልሽልኝ፤ እናትሽ ደብዳቤሽን ባነበብሁ ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታ ሰሊጥ መንፋት ስለምትጀምር ያለቀ ሰሊጥ እየተነፋ ተቸግረናል።

ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ወንድማችንም ጤና ይስጥልኝ። ጓድ፣ በውስጡ ከውሻ በቀር ነገር የለም። ሲጨርሱ ፖስታውን አደራ በደንብ ያጣብቁልኝ፤ ያለፈው ተከፍቶ ስለ ደረሳት ልጅቱ ሙጫ ቆጠቡብኝ ብላ አማችኝ።

እኛ ለክፉ አልተሰጠንም። እናትሽ ውዴ ደኅና ናት፤ የምትቆጣው ሰው እስካላጣች ድረስ ጤናዋ አይጓደልም፣ እኔም አላሳጣኋትም። የእኔ ጉልበት ደኅና ነው፤ ስለ ጉልበቴ አትጠይቂ። ሐሩሩ እንደምታውቂው ነው፤ ዝንብ ራሷ ጥላ ፈልጋ ትቀመጣለች። ንፋሴ ግን አንድ አመል አውጥታለች። አንች ከሄድሽ ወዲህ የጎንደሩ አውቶቡስ በሸሕዲ በኩል ጥሩንባውን ሲነፋ ከተኛችበት ተነሥታ ትወጣለች። ከፈንቴ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ያለችውን ቁርቁራ ታውቂያታለሽ፤ እዚያ ሥር ቆማ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ከራሱ እስከ እግሩ ታየዋለች። ረዳቱ የመጨረሻዋን ጓዝ ከላይ ሲጥል ጊዜ አቧራዋን አራግፋ ትመለሳለች። ፈንቴም «ዛሬም የለችም?» እያለች ውኃ ታቀርብላታለች። ስትመለስ በቀኝ እግሯ ትንሽ ታነክሳለች፤ ድሮ ከርከሮ የመታት ይመስለኛል። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ዝም ብያታለሁ።

እንግዲህ ወደ ሠርጉ። አደራ፣ መጨረሻውን አስቀድመሽ እንዳታይ። አንች ልጅ ሳለሽ ሥጋውን መጀመሪያ በልተሽ እንጀራውን ለውሻ የምትሰጭ ነበርሽ፤ ንፋሴም በዚያው ነው የወደደችሽ።

ባለፈው ዓመት የጻፍሁልሽን አትረሽውም። ንፋሴን ለገዛ ወንድሟ ለመብረቅ ሰጥቻት ወለደች። አባቴ ገሰሰ ከደጋ ወርዶ እዚህ ሲሰፍር ያመጣውን የሩጫ ውሻ ዘር ከባዕድ ሳንቀላቅል ኖረናል፤ ከገለጉ እስከ አብደራፊ «የገሰሰ ውሻ» ሲባል ባርኔጣ ይነሣል። አንገቱ ሸንበቆ፣ ወገቡ በእፍኝ የሚያዝ፣ አፉ መርፌ። ሰው አፉ የሾለውን ቡችላ እየመረጠ ሲወስድ እኛም የሾለውን ከሾለው ስናጋባ፣ እያሾልን እያሾልን ሄደን አለፍነው። የንፋሴ ቡችሎች ለዓይን የሐር ክር ይመስሉ ነበር። ግን የታች መንጋጋቸው አጥሮ የላዩ እንደ ወፍ ምንቃር ወጥቶ ጡት ይዘው መሳብ አቃታቸው። አንደኛው ሲተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። ንፋሴ ራሷ ስትወለድ አንች በፍየል ወተት የነከርሽውን ጨርቅ እያጠባሽ እንዳዳንሻት እኛም ጨርቁን ነክረን ሞከርን፤ የአንች እጅ አልሆነም፣ ተከታትለው አለቁ። የመጨረሻዋን ንፋሴ በአፏ ይዛ ግቢውን ስትዞር ዋለች። ከዚያ እኔ እግር ሥር አምጥታ አስቀመጠቻትና ፊቴን አየችው። ውሻ ሲያይሽ መልስ የሚጠብቅ ይመስላል። እኔም ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ የተኛሁ መሰልሁ።

ይህን ብጽፍልሽ ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። አንች ግን ምን አልሽኝ? «አባባ፣ እርስዎ ለሰው ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚከለክሉ ሰው፣ ንፋሴን ለእናቷ ልጅ ሲድሯት ስንተኛው ቤት ላይ ቆመው ነበር?» አልሽኝ። መቼም ይህችን ስትጽፊ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏል ይህ ነው ብዬ ደብዳቤሽን ጣራው ሥር ሰካሁት። ውዴ «መልስ አይጽፉላትም?» ብትለኝ፣ ብዕሬ ታሟል አልኋት። እሷም «ብዕር ሳይሆን ኩራት ነው የታመመው፤ ለእሱ ደግሞ ክኒን የለውም» ብላኝ ሄደች። ከማን እንደወጣሽ አሁን ገባሽ?

አገሩ ለጋብቻ ሲነሣ ዘር የሚያስቆጥረው እኔን መሆኑን ታውቂያለሽ። አምስተኛው ቤት ላይ የሚገናኙ ሙሽሮች አግኝቼ፣ ጠላው ተጠምቆ ዳሱ ተጥሎ ሳለ ሠርግ ያስቀረሁ ሰው ነኝ። ጎረቤታችን አቶ ሰጠኝ ለልጁ ሚስት ሊያጭ ሲነሣ እንደ ደንቡ ጠራኝ። ሽማግሌው ተሰብስቧል፣ የሁለቱም ወገን ጆሮውን አቁሟል፤ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ አንድ ቤት ብዬ ጀመርሁ። ሁለት ቤት አልሁ። ንፋሴ ከመደቡ ሥር ተጋድማ ወተቱ የደረቀ ጡቷን ትልሳለች። ዓይኔ እሷ ላይ ወደቀና ሦስተኛው ቤት ላይ ቆምሁ። ሰጠኝ መቼም አፉ አይተኛም፤ «ምነው ማተቤ፣ ሦስተኛው ቤት ላይ በሩን ዘጉብህ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደምንም ቆጥሬ ጨረስሁ፤ ልጆቹ ዘመድ አልነበሩም፣ ተጫጩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ቁጥሩ አልተወኝም። እስቲ ለንፋሴ ልቁጠርላት ብዬ እየሄድሁ ጀመርሁ። እናቷ ሸጊት። የሸጊት አባት ነብሮ። የንፋሴም አባት ነብሮ። የሸጊት እናት ዛጎል። የነብሮም እናት ዛጎል። ልጄ፣ አንዱን ቤት አልፌ ሁለተኛውን ሳንኳኳ ነብሮ ከፈተልኝ። ሦስተኛውን ሳንኳኳ ያው ነብሮ ጅራቱን እየቆላ ከፈተልኝ። ሰባት ቤት ልሄድ ተነሥቼ አንዲት ጎጆ ስዞር ከደጄ ደረስሁ። ደብዳቤሽን ከጣራው ሥር አወረድሁት። ውዴ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ስትይዘው አይቻታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግማሹን ታውቂያለሽ፤ ምን ላድርግ ብዬ ጻፍሁ፣ አንችም ለንፋሴ ባል እንዴት እንደሚመረጥ ጻፍሽልኝ። መልኩን መጨረሻ ይዩ፣ አስቀድመው እናቱን ይዩ፤ አፉን ከፍተው ጥርሱ መግጠሙን ይዩ፤ አስሩጠው ትንፋሹን ይስሙ፤ ከኋላው ቆመው አረማመዱን ይዩ፤ ዓይኑን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩ ብለሻል። ይህ ምክር ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን ለሰውም በሠራ ነበር፤ ስንቱን አማች በመልኩ ተቀብለን ትንፋሹን ሳንሰማ ቀርተናል! አባትሽን ማለቴ አይደለም። እሱ በደኅና ይተንፍስ፤ አሁንም አብደራፊ ትራክተር ላይ ነው።

ሰጠኝ አሳቤን ሲሰማ አበደ። እሱም ከዚሁ ዘር ውሻ አለውና ክብሩ የተነካ መሰለው። «የገሰሰን ዘር ልታረክሰው ነው? አባትህ ከመቃብር ይነሣብሃል» አለኝ። ቢነሣ ደስ ይለኛል፣ እኔም የምጠይቀው አለኝ አልሁት። «ደግሞ ከማን ጋር?» አለ። ከአብዱልሀኪም ውሻ ጋር ስለው ምራቁን እንትፍ አለ።

አብዱልሀኪምን አትረሽውም፤ ጋላባት ላይ ከብት የሚነግደው፣ ልጅ ሳለሽ ከጀለቢያው ኪስ ተምር እያወጣ የሚያጎርስሽ። ከሱዳን ቡጣና ሜዳ ከነእናቱ ያስመጣው ሰቅር የሚባል ውሻ አለው። መልኩ ለጉድ ነው፤ ቀይ ነው እንዳልል ግንባሩ ጥቁር፣ ጥቁር ነው እንዳልል ደረቱ አመድ። አፉም የሰው ጫማ ያህላል። አንድ ጧት ገበያ በሚሻገረው ሰው መሀል ገብተን ኾሩን ተሻገርን፤ እኔ፣ ንፋሴና ሰጠኝ። ሰጠኝን አልጠራሁትም፤ «ስትዋረድ ማን ይመሰክራል?» ብሎ ተከተለኝ።

ደጁ ደርሰን እንደ ወጉ ቆምን። ተቀመጡ ቢለን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልሁ። ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል ስለው አብዱልሀኪም ልጆቹን በዓይኑ ቆጠረ። ንፋሴን ሳሳየው ጊዜ ግን ሳቁ ጋላባትን አናወጠ። ሰቅርን አፉን ከፈትሁ፣ ጥርሱ እንደ ሳጥን ክዳን ይገጥማል። አስሮጥነው፣ ሲመለስ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ልቡ ይመታል እንጂ ትንፋሹ አያፏጭም። እናቱንም አየሁ፤ አርጅታለች፣ ግን የኋላ እግሯ የእኔን እግር አይመስልም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መልኩን መጨረሻ አየሁ፤ እሱንም ቶሎ ብዬ ዘለልሁት።

ይህን ሁሉ ስጨርስ አብዱልሀኪም «ተማም፣ ጥሩ ነው፤ አሁን የእኔ ተራ ነው» ብሎ ተነሣ። የንፋሴን አፍ ከፈተ። ልጄ፣ የሙሽራ ወገን ሆኜ እንዲህ ስፈተሽ የመጀመሪያዬ ነው። «እግሯ ሸጋ ነው፤ አፏ ግን ጠቧል፤ እናትና አባቷ ምንና ምን ናቸው?» አለኝ። አባትና ልጅ ናቸው ብዬ ቀስ ብዬ ተናገርሁ። ምላሱን ጠቅ አደረገና ምን አለኝ መሰለሽ? «ዋላሂ ያ ሼክ፣ እናንተ ለራሳችሁ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ፣ ውሻችሁን ለገዛ ልጁ ትድራላችሁ። እኛ የአጎታችንን ልጅ እናገባለን፣ ለውሻችን ግን አገር አቋርጠን እንሄዳለን። አንዳችን ተሳስተናል» አለ። እኔና እሱ እንባ እስኪወጣን ሳቅን። ሰጠኝ ላለመሳቅ ብሎ ፊቱን ወደ በረት አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አብዱልሀኪም ውሻውን ያለ ዋጋ ፈቀደልን፣ ቃል ግን አስገባኝ። የሰቅር ልጆች ጆሯቸው እንዳይቆረጥ፤ ንፋሴም ከወለደች በኋላ ሥጋዋ እስኪመለስ፣ ዓመት ሳይሞላት ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት። የጆሮው ነገር ከበደኝ። እኛ ዘንድ ጆሮው ያልተቆረጠ ውሻ ጅብ ይይዘዋል፣ አይቆጣም እየተባለ ስንቱ ቡችላ በምላጭ እንደጮኸ ታውቂያለሽ፤ አንች ያን ቀን ጆሮሽን ይዘሽ እናትሽ ቀሚስ ሥር ትገቢ ነበር። ቃሌን ሰጠሁ። እዚያው ሦስት ቀን ከሰቅር ጋር ሰነበተችና ወደ ቤት መለስኋት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀበሌ ገብቶ ኖሯል። ሊቀ መንበሩ ግን ወር አልፎ አስጠራኝ። «አባባ፣ ወሰን ተሻግረው ከማን ጋር ተገናኙ?» አለ። ከአማቴ ጋር አልሁት። «የግንኙነቱ ዓላማ ምንድን ነው?» አለ። ጋብቻ ነው አልሁ። «ማን ነው ያገባው?» ሲለኝ ንፋሴ ከበሩ ላይ ሆዷን እየጎተተች ገባችና እግሩ ሥር ተጋደመች። አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም እሷን አየናት። «ሲወለዱ ለመጋዘኑ ዘብ አንድ ይሰጡናል?» አለ። ቃል ካስገባሁህ በኋላ አልሁት። የምስክርነት ቃል ሳልፈርም ወጣሁ።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሣቅ አይደለም። ሆዷ ሲገፋ ፈራሁ። ለሐረጉ ብዬ ወገቧን በእፍኝ የሚያዝ ያደረግሁት እኔና አባቴ ነን፤ ያ ጠባብ ወገብ የሰቅርን ልጅ ያሳልፍ ይሆን? ከሰሊጡ ገለባ ሥር ጥላ ሠራሁላት፤ ከርከሮ እንኳ ማሽላው ውስጥ ቢጮህ አልለቃትም ነበር። ውዴ ወተቱን ለእሷ ስሰጥ «ለእኔ ምጥ ጊዜ እንዲህ አልተደረገልኝም» ትለኛለች፣ ወዲያው ግን ራሷ ትጨምርላታለች። አውቶቡሱን ግን አላስቀረችም፤ ያን ሆድ ይዛ ወጥታ ቁርቁራው ሥር ትቆም ነበር። ውዴ «በዚህ ፀሐይ!» እያለች ትጮህ ነበር፣ የሚሰማት የለም።

ምጡ የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው። የመጀመሪያው ቡችላ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ንፋሴ ስታምጥ ዓይኗ ከእኔ አልተነቀለም፤ ያን የዓመት ጥያቄዋን እንደገና የጠየቀችኝ መሰለኝ። እጄ ደንድኗል፣ ገብቶ አይይዝም። አንችን አሰብሁ፤ ያች እጇ ቀጭን ልጅ ባሕር ማዶ የሰው አገር ላም ታክማለች፣ የእሷ ውሻ ደጄ ላይ ልትሞት ነው አልሁ። ያን ጊዜ ማን መጣ? ሰጠኝ! «ተነስ ከዚያ፤ አንተ ለቁጥር ነው የተፈጠርህ» ብሎ እጁን በሰሊጥ ዘይት ቀብቶ ተንበረከከ። እያጉረመረመ፣ እየረገመኝ፣ አባቴንም እየረገመ ቀስ ብሎ አወጣው። የመጀመሪያው ሞቶ ነበር። ሰጠኝ በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ጎን አኖረው፤ ማልቀሱን ማንም እንዳላየ ሆኖ ተከታዩን ጠበቀ። እሱ በሩን ከፈተላቸው መሰለኝ፣ ሌሎቹ እየተከታተሉ ወጡ፤ አምስት ሆኑ።

ስታጠባ ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። አንች እንዳስተማርሽኝ ትንሿን ጣቴን ታጥቤ የአንዱን አፍ ከፈትሁ። የላይና የታች መንጋጋው ገጠመ። ልስልስ ያለ ምላሱ ጣቴን ከቦ ሳበው። ልጄ፣ ሳበኝ! እንዲህ ያለ ጉልበት ይህችን በምታህል ፍጥረት ውስጥ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ሁለተኛውን ሞከርሁ፣ ሳበኝ። ሦስተኛው ነከሰኝ፣ እሱን ለቀበሌው መድቤዋለሁ። ውዴ ከኋላዬ ቆማ «ሳቡ?» አለችኝ። ሳቡ ብዬ መለስሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሰሊጥ መንፋት አማረን።

መልካቸውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። አንዱ ግንባሩ ላይ ጥላሸት የተደፋበት፣ አንዱ ሆዱ እንደ ቅል የተዥጎረጎረ። አፋቸው ሰፊ ነው። ሰጠኝ እያገላበጠ አይቶ «እነዚህ የገሰሰ ውሾች ናቸው ወይስ ከገበያ የተለቀሙ?» አለኝ። የገሰሰ ውሾች ናቸው፣ የሚተነፍሱ የገሰሰ ውሾች ናቸው አልሁት። በሳምንቱ መጥቶ ከደጅ ቆመና፣ እሱ እንደማይፈልግ ግን ሚስቱ አንድ ቡችላ ብታገኝ እንደማትጠላ ነገረኝ። ሚስቱን ስጠይቃት ምንም አታውቅም።

አሁን ቡችላ የሚወስድ ሰው ሁሉ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይምላል። ጆሮ አልቆርጥም ይላል። ለጉራ ብዬ በሐሩር አላስሮጥም ይላል። እናቲቱን ዓመት አሳርፋለሁ ይላል። ለጋብቻ ሲደርስ መጥቼ ሰባት ቤት አስቆጥራለሁ ይላል። ቄሱ እንዳይሰሙብኝ እንጂ ክርስትና የማነሣ ያህል ነው የማስምላቸው። ዘሩን እኔ እቆጥራለሁ። እኔ ስደክምስ? ሐረጉን በቃሌ እንጂ በሌላ አላኖርሁትም፤ ለማን አስረክበዋለሁ? ይህን ስጠይቅ ሰጠኝ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ውዴ ሥራ ይዛለች። ሁሉም አንችን ነው የሚያስበው፣ የሚናገር ግን የለም።

ለአንች አንዲቷን ይዤልሻለሁ። አንድ ጆሮዋ ቆሞ ሌላው ወድቋል፤ ነፋስ የሰበረው ጃንጥላ ትመስላለች። ሩጫዋ የእናቷ ነው፣ አፏ የአባቷ ነው፣ አለመስማቷ የአንች ነው። ስም አላወጣሁላትም። እስካሁን ቡችሌ እያልሁ እጠራታለሁ። ስም የሚያወጣው ያዳነ ነውና አንች እስክትመጭ ድረስ ስም አልባ ሆና ትኖራለች። ውሻ ስም ሳይኖረው ምን ያህል መቆየት እንደሚችል አላውቅም፤ ይህን እዚያ ትምህርት ቤት ጠይቂልኝ። ላም ለማከም ይህን ያህል ዘመን መማር ያስፈልጋል ወይ ብለሽም ጠይቂልኝ። ላሚቱ እስከዚያ ወይ ድናለች ወይ ተበልታለች። አልተቸኮልሁም። ሽማግሌ የሚቸኩለው ነገር የለውም፤ እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ነው።

እናትሽ ውዴ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ወፍራም ነገር ልበሽ ትላለች። አባትሽ ከአብደራፊ ሰላምታ ልኳል። ሰጠኝ «ለዚያች ለተማረችው ንገራት፣ የበኩር ልጄን ሠርግ ቁጥሩ ሊያበላሽብኝ ነበር» ይላል፤ ይህ በእሱ ቋንቋ ናፍቀሽኛል ማለት ነው። አብዱልሀኪም ተምር አስቀምጧል፣ እስክትመጭ እኔ እየጠበቅሁልሽ ነው፣ ከፍሬው ትንሽ ጎድሏል። ፈንቴም ሰላም ትላለች። መብረቅ፣ ያ ወንደላጤ፣ የእህቱን ልጆች እያየ ግራ ተጋብቷል። አብራሽ ላለችው ለወሎዋ ልጅ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ስትታመሚ ገንፎ የሠራችልሽን እጇን አልረሳሁትም።

አሁን ልጨርስ ነው፤ ሽማግሌ ግን ውሸት ተንተርሶ አይተኛም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ውሸት አለች። የሰባት ቤቱ እውነት ነው። የአብዱልሀኪምም ነገር እውነት ነው። ሰጠኝ አላለቀስሁም ቢልሽ አትመኝው። ውሸቷ የአውቶቡሱ ናት። ንፋሴ አውቶቡስ ጠብቃ አታውቅም፤ ጥሩንባው ሲነፋ ጆሮዋን እንኳ ሳታነሣ ትተኛለች። ከቁርቁራው ሥር ቆሞ የሚወርደውን ሰው ከራሱ እስከ እግሩ የሚያየው ሌላ ነው። ውዴ በዚህ ፀሐይ እያለች የምትጮኸው በእሱ ላይ ነው። ፈንቴም የምታቀርብለት ውኃ ሳይሆን ሻይ ነው፤ ዛሬም የለችም ትለዋለች፣ የለችም ይላታል። በቀኝ እግሩ ስለሚያነክስ ቀስ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ከርከሮም አልመታው።

አያትሽ ማተቤ ገሰሰ
መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.